የስኖውቦርድ ነጥብ እንደ ሩጫ ሰዓት አይነበብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የስፖርት ገጻችሁ ከእግር ኳስና ከአትሌቲክስ አልፎ የበረዶ ላይ ውድድሮችን ማንሳት መጀመሩን በደስታ ነው የምናየው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ከተማ ኳስ ለማየት ዲሽ ቤት የሚገቡ ወጣቶች፣ ጥርና የካቲት ላይ ስኖውቦርድ (ሁለት እግር በአንድ ቦርድ ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ስፖርት) ሲተላለፍ ዓይናቸውን አይነቅሉም። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጥተው ይጠይቁናል። ለምን ይህ ልጅ አነሰ? ለምን ያኛው ወድቆ አሸነፈ? መልሱን ጋዜጣችሁ ላይ ሲፈልጉ የሚያገኙት ግን «እገሌ በ94 ነጥብ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ፤ ነጥቡ ካለፈው ሻምፒዮና ክብረ ወሰን ዝቅ ያለ ነው» የሚል ነው። በስኖውቦርድ የነጥብ ክብረ ወሰን ብሎ ነገር የለም። ይህ አንድ ስህተት ሌሎቹን ሁሉ ስለሚጎትት፣ ገጻችሁ እንዲያስተካክለው ብለን ይህን ጻፍን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሥር ሺህ ሜትር የትም ቢሮጥ አሥር ሺህ ሜትር ነው፤ የሰዓት መለኪያውም አንድ ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ከትናንቱ ይነጻጸራል። በዳኛ የሚወሰን የስኖውቦርድ ውድድር ውስጥ ግን 94 ማለት «በዚህ ቀን፣ በዚህ በረዶ ላይ፣ ከነዚህ ተወዳዳሪዎች መካከል እዚህ ቦታ ላይ ተቀምጧል» ማለት ብቻ ነው። የ2018ቱን የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ የወንዶች ሃፍፓይፕ፣ ማለትም በበረዶ ቦይ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተዘለለ የሚደረገውን ውድድር ውሰዱ። አሜሪካዊው ሾን ዋይት በመጨረሻው ሙከራው 97.75 አግኝቶ አሸነፈ፤ ጃፓናዊው አዩሙ ሂራኖ በ95.25 ሁለተኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ሂራኖ በ96.00 ወርቁን ወሰደ። በእናንተ አጻጻፍ የ2022ቱ ከ2018ቱ ያነሰ ይመስላል። ሐቁ ሌላ ነው። ሂራኖ ቤጂንግ ላይ አየር ላይ ሦስት ጊዜ ተዘቅዝቆ አራት ሙሉ ዙር የሚዞርበትን ትሪፕል ኮርክ 1440 አሳይቷል፤ ፒዮንግቻንግ ላይ ይህን የሠራ አንድም ሰው አልነበረም። አሜሪካዊቷ ክሎኢ ኪምም እንዲሁ ናት፤ በ2018 በ98.25፣ በ2022 በ94.00 ሁለቱንም ጊዜ ወርቅ ወስዳለች። ቁጥሩ ወረደ ማለት ችሎታዋ ወረደ ማለት አይደለም።

ነጥቡ እንዴት እንደሚወጣ አንባቢ ቢያውቅ ይህ ግራ መጋባት አይኖርም። በሃፍፓይፕ እያንዳንዳቸው ከ100 የሚሰጡ ስድስት ዳኞች ይቀመጣሉ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ ይጣልና የቀሩት አራቱ አማካይ ይወሰዳል። ለምሳሌ ዳኞቹ 88፣ 90፣ 91፣ 91፣ 93 እና 96 ቢሰጡ፣ 88ቱና 96ቱ ይወጣሉ፤ የቀሩት ድምር 365 ሲሆን ለአራት ሲካፈል 91.25 ይመጣል። ዳኞቹ የሚያዩት ከፍታን፣ የእንቅስቃሴውን ክብደት፣ ዓይነቱ መለያየቱን፣ አፈጻጸሙ ጥርት ያለ መሆኑንና ስፖርቱን ወደፊት የሚገፋ አዲስ ነገር መኖሩን ነው። ለእያንዳንዱ ዝላይ የተተመነ ዋጋ የለም፤ ጂምናስቲክ ላይ እንዳለው ዓይነት የዋጋ ሰንጠረዥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ዳኞቹ ሙከራውን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይን አይተው ከሌሎቹ ጋር ያስተያያሉ። ለዚህም ነው መጀመሪያ የሚወርደው ተወዳዳሪ ምንም ቢያሳምር 95 የማይሰጠው፤ ከእሱ የተሻለ ቢመጣ ማስቀመጫ ቦታ መተው አለባቸው። ዲሽ ቤት ውስጥ «የመጀመሪያውን በደሉት» የሚለው ጩኸት የሚነሳው ይህ ባለመታወቁ ነው።

ስለ ሃፍፓይፑ ራሱም ጥቂት እንበል፤ ከሜዳ ጋር የተያያዘውን ነገር ዘጋቢዎቻችሁ ጨርሶ ስለማይነኩት። ሃፍፓይፕ በበረዶ የተቀረጸ ግማሽ ክብ ቦይ ነው። ርዝመቱ ወደ 200 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሜትር አካባቢ፣ ወደ ታች የሚያዘነብለው 18 ዲግሪ ገደማ ነው። የግድግዳው ቁመት በተለመደው የውድድር ደረጃ 6.7 ሜትር ነው፤ ቤጂንግ ላይ ግን 7.2 ሜትር ነበር። ተወዳዳሪው ከግድግዳው ጫፍ በላይ አምስት ሜትር ከተነሳ፣ ከቦዩ ወለል በ12 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። በአንድ ሙከራ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይነሳል። እዚህ ላይ ዋናው ምስጢር ፍጥነት ነው። ከአየር ሲመለስ ግድግዳው ቀጥ ባለበት፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ካረፈ ቁልቁለቱ ፍጥነቱን ይመልስለታል። አሳልፎ ወለሉ ላይ ካረፈ ግን ጉልበቱ ሁሉ እግሩ ላይ ያልቃል፤ ቀጣዩ ዝላይ ያንሳል፤ ያነሰ ዝላይ ውስጥ ደግሞ አራት ዙር ለመጨረስ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሦስተኛው ዝላይ ላይ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ነው። ከሁሉ የከፋው ግድግዳው ጫፍ ላይ መውደቅ ነው፤ ጫፉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለሆነ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው። ይህን የሚያውቅ ተመልካች ውድቀቱ ከመምጣቱ በፊት ያየዋል።

ዳኞች አይሳሳቱም ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ሂራኖ ቤጂንግ ላይ በሁለተኛ ሙከራው ትሪፕል ኮርኩን ጨምሮ ሁሉንም ሠርቶ የተሰጠው 91.75 ነበር፤ ከአውስትራሊያዊው ስኮቲ ጄምስ 92.50 በታች። የጋለ ተቃውሞ ተነሳ፤ ተንታኞችም በቀጥታ ሥርጭት ላይ ተቆጡ። ሂራኖ በሦስተኛው ሙከራ ያንኑ ቅንብር ይበልጥ ከፍ ብሎ፣ ይበልጥ አጥርቶ ደገመውና 96.00 አገኘ። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች ስሎፕስታይል (መዝለያና የብረት ሐዲድ በተደረደረበት ቁልቁለት የሚደረግ ውድድር) ካናዳዊው ማክስ ፓሮ በ90.96 ሲያሸንፍ፣ አንዱ ዝላይ ላይ ቦርዱን መያዝ ሲገባው የያዘው ጉልበቱን ነበር። ዳኞቹ ፊት ይቀርብ የነበረው ምስል ከፊት ለፊት የተወሰደ ስለሆነ እጁ ቦርዱ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር፤ ከጎን የተቀረጸው ምስል ለሕዝብ ሲታይ ነው ስህተቱ የወጣው። የዳኞች ኃላፊውም በኋላ አምኗል፤ ውጤቱ ግን አልተቀየረም። ቻይናዊው ሱ ዪሚንግ በ88.70 ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ቦርዱን በእጅ መያዝ እንዲህ የሚያጨቃጭቀው ጌጥ ስላልሆነ ነው። የያዘ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰውነቱን አዝዞ እየዞረ እንደሆነ ያሳያል፤ እጁን እያወናጨፈ የሚዞር ግን ሚዛኑን እየፈለገ ነው። ሕዝብ እንዲህ ሲከራከር ጋዜጣችሁ ቢያንስ ምን ላይ እንደተከራከሩ ሊነግረን ይገባል።

በ1440 እና በመሳሰሉት ቁጥሮች ላይም ተደጋጋሚ ስህተት አይተናል። እነዚህ ነጥቦች አይደሉም፤ የመዞር ዲግሪ ናቸው። 360 አንድ ዙር፣ 1080 ሦስት፣ 1440 አራት፣ 1800 አምስት ነው። በጥር 2025 ኤክስ ጌምስ በተባለው የግብዣ ውድድር ላይ ጃፓናዊው ሂሮቶ ኦጊዋራ ያሳረፈው 2340 ስድስት ዙር ተኩል ይሆናል። ከቁጥሩ በፊት የሚመጣው ቃል የሚዞርበትን አቅጣጫ ይናገራል፤ ፍሮንትሳይድ፣ ባክሳይድ፣ ካብ እና ስዊች ባክሳይድ የሚባሉ አራት አቅጣጫዎች አሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ ያልለመደውን እግር አስቀድሞ የሚሠራቸው ስለሆኑ ይከብዳሉ። ቢግ ኤር ላይ ይህ ነገር ሕግ ሆኖ ይመጣል። ተወዳዳሪው ከአንድ ትልቅ መዝለያ ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ ሁለቱ ምርጥ ዝላዮች ይደመራሉ፤ ሁለቱ ግን በተለያየ አቅጣጫ የተዞሩ መሆን አለባቸው። አንዱን ዝላይ ብቻ የተካነ ሰው ሁለት ጊዜ ደግሞት አያሸንፍም። ድምሩ ከ200 ስለሆነ፣ ቢግ ኤር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በገባበት በ2018 ኦስትሪያዊቷ አና ጋሰር 185.00 አግኝታ አሸነፈች ሲባል አንባቢ አይደነግጥም። ከሃፍፓይፕ ነጥብ አጠገብ ያለ ማብራሪያ ሲቀመጥ ግን የሴቶቹ ቢግ ኤር ከወንዶቹ ሃፍፓይፕ እጥፍ የተሻለ ይመስላል።

እስካሁን ያወራነው በዳኛ ስለሚወሰኑት ሦስቱ ማለትም ሃፍፓይፕ፣ ስሎፕስታይልና ቢግ ኤር ነው። ስኖውቦርድ ክሮስ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ለየብቻ በሰዓት ይወርዱና ደረጃ ይይዛሉ። ቀጥሎ ቤጂንግ ላይ እንደነበረው አራት አራት ሆነው በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ ጉብታና ጥምዝ ባለበት ሜዳ ተጋፍተው ይወርዳሉ፤ ቀድመው የገቡት ሁለቱ ያልፋሉ። እዚህ ውበት አይቆጠርም። የ2006ቱ የቶሪኖ ኦሊምፒክ የሴቶች ፍጻሜ የተበላሸው በዚህ ነው። አሜሪካዊቷ ሊንዚ ጃኮቤሊስ በሰፊ ርቀት እየመራች መጨረሻው አካባቢ ያለው መዝለያ ላይ ቦርዷን ይዛ ለማሳመር ስትሞክር ወደቀች፤ ስዊዘርላንዳዊቷ ታንያ ፍሪደን አልፋት ወርቁን ወሰደች። ጃኮቤሊስ ወርቁን ያገኘችው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ36 ዓመቷ ቤጂንግ ላይ ነው። መነካካት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሆን ብሎ መግፋትና መንገድ መዝጋት ግን ከምድቡ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ያስቀምጣል። መሪ ሆኖ መውረድ ሁልጊዜ እንደማይጠቅምም ልብ በሉ፤ ከኋላ ያለው የንፋሱን ግፊት ከፊቱ ያለው ስለሚቀበልለት ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ያልፋል። በ2022 የወንዶቹን ፍጻሜ ኦስትሪያዊው አሌሳንድሮ ሄመርሌና ካናዳዊው ኤልዮት ግሮንዳን የለያቸው መግቢያው መስመር ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። ድብልቅ ቡድን በተባለውና በዚያው ዓመት በተጨመረው ውድድር ወንዱ አስቀድሞ ይወርዳል፤ እሱ ያተረፈው ወይም የከሰረው ሰዓት ተሰልቶ የሴቷ መነሻ በር በዚያው ልክ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይከፈታል። ቴሌቪዥን ላይ «ለምን አንዷ ቀድማ ወጣች?» የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ፓራሌል ጃይንት ስላሎም ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ጎን ለጎን በተተከሉ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ሁለት ሰዎች በየበሮቻቸው እየተጠመዘዙ ይወርዳሉ፣ የተሸነፈ ይወጣል። በማጣሪያው እያንዳንዱ በሁለቱም መስመር ወርዶ ሰዓቱ ይደመራል፤ 16ቱ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ በማጣሪያ የተሻለ ሰዓት ያለው መስመሩን ይመርጣል፤ አንዱ መስመር ጥላ ላይ ከሆነ ወይም ቀድመው የወረዱት ካላረሱት ይህ ምርጫ ውድድሩን ሊወስን ይችላል። ጫማው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ቦርዱም ቀጭንና ረጅም ነው። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018 በተዋሰችው ስኪ (በየእግሩ አንድ አንድ የሚታሰር ቀጭን ሸርተቴ) ሱፐር ጂ የተባለውን የቁልቁለት የፍጥነት ውድድር በአንድ መቶኛ ሰከንድ አሸንፋ፣ በሳምንቱ ፓራሌል ጃይንት ስላሎምን በስኖውቦርድ ያሸነፈች ናት። ዘገባችሁ ስኪና ስኖውቦርድን «የበረዶ ሸርተቴ» በሚል አንድ ስም ስለጠቀለለው የሁለቱን ድል ልዩነት ማንም አልተረዳም።

ስለ ውድድሮቹ ስምም እንዲሁ። ዓለም አቀፉ የስኪና ስኖውቦርድ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊስ፣ የዓለም ሻምፒዮናውን በ1996 ኦስትሪያ ሊየንዝ ላይ ጀምሮ፣ ከ1997 ወዲህ በጎደሎ ዓመቶች ያካሂደዋል፤ በ2023 ጆርጂያ ባኩሪያኒ፣ በ2025 ስዊዘርላንድ ኤንጋዲን ላይ ነበር። የዓለም ዋንጫ የሚባለው በየክረምቱ ከቦታ ቦታ የሚዞር ነው፤ ለአንደኛ 100፣ ለሁለተኛ 80፣ ለሦስተኛ 60 እያለ የሚሄድ ነጥብ ተደምሮ በወቅቱ መጨረሻ ክሪስታል ሉል ይሸለማል። ኤክስ ጌምስ የግል ድርጅት የሚያዘጋጀው፣ በግብዣ የሚገባበት ነው። ኦሊምፒክ ስኖውቦርድን የተቀበለው በ1998 ናጋኖ ላይ ነው። እነዚህን አራቱን ማቀላቀል የአፍሪካ ዋንጫን ከቻምፒየንስ ሊግ ጋር እንደ ማቀላቀል ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ምክንያቱም የተሳሳተው ዘገባ አንድ የተሳሳተ ተስፋ አብሮ እየዘራ ነው። ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ደጋ ብርዳም ስለሆነ የስኖውቦርድ ሜዳ ቢሠራበት የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ወጣቶቻችንም ይህንኑ ያነሳሉ። ፍላጎቱን እናከብራለን። ጉዳዩ ግን በብርድ ብቻ አይወሰንም።

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ነገር ግን ውርጩ የሚመጣው ሰማይ ጠርቶ፣ ዝናብ ጠፍቶ ሲደርቅ ነው። እርጥበቱ ያለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው ሌሊቱን ስለሚሸፍነው ብርዱ በረዶ ሠርቶ ለማቆየት አይበቃም፤ የሚወርደው ዝናብና የበረዶ ጠጠር ነው። ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ወቅት አይገናኙም። ጠጠሩም ማሳውን አንጥቶ ለጥቂት ሰዓት ቢቆይ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ተደልድሎ ግድግዳ ሊሆን አይችልም።

«በማሽን ይሠራ» ለሚሉ ቁጥሩን እንስጥ። የበረዶ መድፍ ውሃን አድቅቆ ይረጫል፤ ጠብታው መሬት ከመድረሱ በፊት መርጋት አለበት። ለዚህ የሚታየው ተራ ቴርሞሜትር ሳይሆን የእርጥብ ጨርቅ ቴርሞሜትር ንባብ ነው፤ እሱ ከዜሮ በታች 2.5 ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። አየሩ በደረቀ ቁጥር ጠብታው በትነት ስለሚቀዘቅዝ ይቀላል፤ በዚህ በኩል የታኅሣሥ የመንዝ ሌሊት መጥፎ አይደለም። ችግሩ ጠዋት ነው። ከምድር ወገብ በ10 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለ ፀሐይ፣ በዚያ ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱን የተሠራውን ቀን ያቀልጠዋል። ውሃውስ? 200 ሜትር ርዝመት፣ 30 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ተራ መለማመጃ ቁልቁለት ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው በረዶ ለማልበስ 3,000 ሜትር ኩብ በረዶ ያስፈልጋል። የማሽን በረዶ በሜትር ኩብ 450 ኪሎ ግራም ቢመዝን 1,350 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 67,500 ጀሪካን። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሃፍፓይፕም አይደለም። የታኅሣሥ ምንጭ እየቀጠነ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው በሚሰለፉበት አካባቢ ይህን ውሃ መጠየቅ አይታሰብም። ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀውን የጓሳ ሣር ማረስና በውስጡ የሚኖሩትን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማፈናቀልም ይመጣል።

ብርድ አገር ያሉትም ቢሆኑ ይቸገራሉ። ሌሶቶ ያለው አፍሪስኪ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ፣ እውነተኛ ክረምት ባለበት በ29 ዲግሪ ደቡብ ላይ ተቀምጦ እንኳ በማሽን በረዶ ይደገፋል። የካናዳዋ ቫንኩቨር በ2010 ኦሊምፒክ ሳይፕረስ ተራራ ላይ ሙቀቱ በረዶውን ስለበላው በጭነት መኪናና በሄሊኮፕተር በረዶ አመላልሳ፣ የሜዳውን ሆድ በገለባ እስር ሞልታ ነው ያወዳደረችው። በ2014ቱ የሶቺ ኦሊምፒክ ሃፍፓይፑ ላልቶ ተወዳዳሪዎች አማረሩ። በረዶ ሲላላ ሠራተኞች ጨው ይበትኑበታል፤ ጨው የላይኛውን ሽፋን ያቀልጥና ሙቀቱን ከሥር ስቦ መልሶ ያጠነክረዋል። ይህ ግን የሚሠራው ከሥር ብርድ የያዘ በረዶ ካለ ነው።

ለወጣቶቻችን የሚጠቅመው ሌላ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ምርጦች ልምምዳቸውን ሁሉ በበረዶ ላይ አይሠሩም። ሂራኖ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በስኬትቦርድ ተወዳድሯል፤ ጃፓናውያን በፕላስቲክ ብሩሽ መዝለያና በአየር ፍራሽ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይዘላሉ። እዚህ ባለው ነገር መጀመር ይቻላል። ሚዛን መለማመጃ ለመሥራት 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላና የአፉ ስፋት (ዲያሜትሩ) 11 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም የፍሳሽ ፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ቱቦው ከጣውላው ስፋት ትንሽ ይርዘም። በጣውላው ሥር ከሁለቱም ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መከልከያ እንጨት ይቸንከር፤ ያለዚያ ቱቦው አምልጦ ሰው በጀርባው ይወድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልስን ሲሚንቶ ላይ አይቁሙ፤ ቱቦው ይስፈነጠራል። ሣር ወይም ስጋጃ ላይ፣ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ይጀመራል። ቀጭን ቱቦ ከሆነ ውስጡ እንጨት ይሞላ፣ አለበለዚያ ይሰነጠቃል። የትኛው እግር እንደሚቀድም ለማወቅ ልጁን ሳያስበው ከኋላ ቀስ ብሎ መግፋት ነው፤ ሳያስብ የሚያስቀድመው እግር ብዙ ጊዜ ቦርድ ላይም የሚቀድመው ነው። ጉልበት እጥፍ፣ ዓይን ወደ አድማስ እንጂ ወደ እግር አይደለም። ከዚህ በኋላ ስኬትቦርድ፣ ከተገኘም ትራምፖሊን ይቀጥላል።

ኦሊምፒክስ? እዚህም ላይ እውነቱ ይነገራቸው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖና በ2010 ቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ መወዳደሩ ያኮራናል። አገር አቋራጭና አልፓይን (የቁልቁለት) ስኪ ለአዳዲስ አገሮች የሚተዉት መነሻ ቦታ አለ፤ የተወሰነ ደረጃ ያሟላ አንድ ተወዳዳሪ ይገባል። ስኖውቦርድ ግን ይህን በር አልከፈተም። በብሔራዊ ፌዴሬሽን በኩል የፊስ ፈቃድ ከመያዝና ዝቅተኛውን የፊስ ነጥብ ከማሟላት በላይ፣ በዓለም ዋንጫ ወይም በዓለም ሻምፒዮና ቢያንስ አንድ ጊዜ እስከ 30ኛ ባለው ደረጃ መጨረስ ያስፈልጋል። ስኖውቦርድ ላይ የአፍሪካ ስም የማይታየው ልጆቻችን ብርድ ስለሚፈሩ አይደለም፤ እዚያ 30ኛ ለመሆን ከልጅነት ጀምሮ በረዶ ላይ ማደግ ስለሚጠይቅ ነው። በውጭ አገር በረዶ ላይ የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ካሉ መንገዱ በእነሱ በኩል ነው። ጋዜጣችሁ እነሱን ፈልጎ ቢያነጋግር ከጓሳ ሜዳ ሐሳብ ይልቅ የሚጨበጥ ነገር ያገኛል።

ለዘገባችሁ የምንጠይቀው ብዙ ቦታ አይወስድም። የውድድሩን ዓይነት ስም፣ የየትኛው ሻምፒዮና እንደሆነ፣ ነጥቡ ከስንት እንደሆነና በስንተኛው ሙከራ እንደተገኘ፣ ሁለተኛና ሦስተኛው በምን እንዳነሱ ጻፉልን። ከዛሬው ዘገባችሁ ርዝመት ጋር የሚመጣጠን ምሳሌ ይኸውና፦ «በቤጂንግ 2022 ኦሊምፒክ የወንዶች ሃፍፓይፕ ፍጻሜ ጃፓናዊው አዩሙ ሂራኖ በሦስተኛ ሙከራው ከ100 ነጥብ 96.00 አግኝቶ አሸነፈ። አውስትራሊያዊው ስኮቲ ጄምስ በ92.50፣ ስዊዘርላንዳዊው ያን ሼረር በ87.25 ተከተሉት። ልዩነቱን ያመጣው ሂራኖ የከፈተበት ትሪፕል ኮርክ 1440 ነው።» በ2027 ለሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ዘጋቢያችሁ በዚህ መልክ ቢዘጋጅ፣ ተማሪዎቻችን ጋዜጣውን ክፍል ውስጥ ይዘውት ይመጣሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በሰሜን ሸዋ የምንገኝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን
ደብረ ብርሃን